ለማኅበር ጉዞ መኪና ስለ መከራየት

አንባቢ ሆይ፤ የሰው ጠባይ በጸሎት ቤት ብቻ የሚገለጥ እንዳይመስልህ። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት በማናቸውም ቦታ ይገለጣል። ከእነዚህም ቦታዎች አንዱ ብዙ ሰዎች ተሰብስበው አንድ መኪና ተከራይተው የሚሄዱበት ጉዞ ነው። ነገሩ ለሰሚው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ በትንሹ ነገር ውስጥ የባልንጀራህ ገንዘብ አለበት፥ የባልንጀራህ ጊዜ አለበት፥ ይልቁንም የባልንጀራህ ሕይወት አለበት። ስለዚህ መኪናውን እንዴት እንደምትከራይ፥ ከባለቤቱና ከሹፌሩ ጋራ እንዴት እንደምትስማማ፥ በመንገድም እንዴት እንደምትመላለስ ታስተውል ዘንድ ይህ ትምህርት ተጻፈ።

አባቶቻችን ወደ ንግሥም ሆነ ወደ ሰርግ ሲሄዱ በእግራቸውና በበቅሎ ይሄዱ ነበር። በቅሎ ከልኳ በላይ ቢጭኗት ጆሮዋን አስተኝታ ትቆማለች፤ ቢመቷትም አልሄድም ትላለች፤ ባለቤቷም ይህን አይቶ ጭነቱን ያቀልላታል። መኪና ግን አልችልም ብሎ የሚናገርበት አፍ የለውም። ሃያ ሰው ቢጭኑበት፥ ሠላሳም ሰው ቢጭኑበት፥ ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ ይሄዳል፤ አለመቻሉም የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንቢ ባለ ጊዜ ነው። ስለዚህ በቅሎዋ ታደርገው የነበረውን ማስተዋል ዛሬ ተከራዩ ራሱ ሊያደርገው ይገባል።

በአገራችን በማኅበር መኪና ተከራይቶ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም፥ ኅዳር 21 ቀን ወደ አክሱም ጽዮን፥ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል፥ ለልደትም ወደ ላሊበላ የሚሄደው ምእመን ከየሰፈሩ ተሰብስቦ አውቶቡስ ይይዛል። መዘምራንና ወጣቶች ለጉባኤ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ይወርዳሉ። በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ለሰርግ ሚኒባስ ይፈለጋል። ዕድርም ሟቹን ወደ ትውልድ አገሩ ለማድረስ፥ ለቀስተኛውንም ለመውሰድ፥ በአንድ ሌሊት መኪና ማግኘት ግድ ይሆንበታል። እነዚህ ጉዞዎች ዓይነታቸው ልዩ ልዩ ቢሆንም ችግራቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ሰው ሁሉ በአንድ ቀን መኪና መፈለጉ ነው። በዓሉ ለሁሉ አንድ ቀን ነውና፥ በዋዜማው መኪና የሚፈልግ ሰው ዋጋው ቢከብድበት በባለ መኪናው ላይ ማጉረምረም አይገባውም። ቀኑ ከዓመት በፊት የታወቀ ነበር። ቀብር ብቻ ቀኑ አይታወቅም፤ ስለዚህ አስተዋይ ዕድር ከአንድ የታወቀ ባለ መኪና ጋራ ዋጋውን በደኅና ቀን ተነጋግሮ ያስቀምጣል፤ በለቅሶ ቀን ዋጋ የሚከራከር ሰው አይገኝምና።

እንግዲህ ጉዞ ያሰበ ማኅበር መኪና ከመፈለጉ በፊት ሰው ይፈልግ። አንድ ሰው ገንዘቡን ይያዝ፥ አንድ ሰው የተጓዡን ስም ይጻፍ፥ አንድ ሰው ደግሞ መኪናውን አይቶ ይዋዋል። ሦስቱን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን የያዘው እንደ ሆነ፥ ሰውዬው ታማኝ ቢሆን እንኳ ከሐሜት አይድንም፤ ታማኝ ባይሆን ግን የሚያውቅበት የለም።

ብዙ ጉዞ የሚበላሸው ገና ከቤት ሳይወጡ በሒሳብ ነው። ምሳሌ ልስጥህ። 45 ሰው የሚይዝ አውቶቡስ ደርሶ መልስ በ90,000 ብር ተስማማህ እንበል። ችኩል አስተባባሪ 90,000ውን ለ45 አካፍሎ በነፍስ ወከፍ 2,000 ብር ብሎ ያውጃል። ቀኑ ሲደርስ ግን አንዱ ታመምሁ ይላል፥ ሌላው ልጄ ፈተና አለበት ይላል፥ ሌላዋም ስመለስ እከፍላለሁ ብላ ስሟን ካስጻፈች በኋላ ትቀራለች፤ የሚገኘው 38 ሰው ብቻ ይሆናል። የተሰበሰበው 76,000 ብር ነው፤ 14,000 ብር ጎደለ። በዚህም ጊዜ አስተባባሪው ከሁለት ክፉ ነገሮች አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ማንነታቸውን የማያውቃቸውን ሰዎች ከመንገድ ይጭናል፥ ወይ ከሹፌሩ ጋራ ሲከራከር ይውላል። አስተዋይ ግን ከ45ቱ ወንበር የሚሞላው 40ው ብቻ እንደሚሆን ገምቶ 2,250 ብር ይላል። 38 ሰው ብቻ ቢመጣ የሚጎድለው 4,500 ብር ነው፤ ይህም ከባድ አይደለም። ሁሉም ቢመጣ ደግሞ 101,250 ብር ይሰበሰባል፤ ትርፉ 11,250 ብር ለመንገድ ወጪ ይውላል፥ የተረፈውም ለየሰዉ ይመለሳል። ገንዘብ የሚመልስ አስተባባሪን ማንም አያማውም፤ በመንገድ መካከል ቆሞ ጨምሩ የሚለውን ግን ሁሉ ያማዋል። ስምም የሚጻፈው ገንዘብ ሲከፈል ይሁን እንጂ በአፍ ቃል አይሁን።

ከማኅበሩ መካከል መሄድ እየወደደች የምትከፍለው የሌላት መበለት ብትኖር፥ ከትርፉ ላይ ወንበር ይያዝላት። ይህ ግን ሦስቱ ኀላፊዎች ብቻ የሚያውቁት ይሁን፤ በአውቶቡሱ ውስጥ በነጻ የመጣች ተብላ የምትታይ ሴት ከቤቷ ብትቀር ይሻላት ነበርና።

ስለ አስተባባሪው ራሱ ደግሞ እንናገር። ስለ ድካሙ በነጻ ይሂድ ብሎ ማኅበሩ ቢፈቅድለት ነውር የለበትም። ነገር ግን ከደላላው ወይም ከባለ መኪናው በስውር ገንዘብ ተቀብሎ ያን ገንዘብ በኪራዩ ላይ ቢያስጨምር፥ ይህ ከአርባ ሰዎች ኪስ ጥቂት ጥቂት መስረቅ ነው። ከእያንዳንዱ የወሰደው ትንሽ ስለ ሆነ አይታወቅም፤ ትንሽ መሆኑ ግን ስርቆትነቱን አይለውጠውም። ደላላ ሥራ ሠርቶ ዋጋውን መቀበሉ የተገባ ነው፤ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ግን በማኅበሩ ፊት ይነገር።

መኪናውን ስትመርጥ የሰዉን ቍጥርና የመንገዱን ዓይነት አስብ። ሚኒባስ አሥራ ሁለት ሰው ያህል ይይዛል፤ ለሰርግ ሚዜዎችና ለቅርብ መንገድ ይበቃል። ኮስተር የሚባለው ከ25 እስከ 30 የሚሆን ሰው ይይዛል። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ አካሉ የተሠራው ቅጥቅጥ ለጠጠር መንገድ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን መቀመጫው ያደክማልና ሽማግሌዎችና ሕፃናት ያሉበት ማኅበር ለሩቅ መንገድ ባይመርጠው ይሻላል። ትልቁ አውቶቡስ በነፍስ ወከፍ ሲታሰብ ይረክሳል፤ ሆኖም በጠባብ ድልድይና በጭቃ መንገድ ስለማይገባ፥ የሰርጉ ቤት ከአስፋልት ርቆ የሆነ እንደ ሆነ ሙሽራይቱን በእግሯ ያስኬዳታል። ይህን ሁሉ አስቀድመህ መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ጠይቅ።

ከባለቤቱ ጋራ ስትገናኝ ሊብሬውን አሳየኝ ብለህ ብትጠይቅ አለማመን አይደለም። ሊብሬው የመኪናውን ባለቤትና የተፈቀደለትን የሰው ልክ ይናገራል። የዓመቱ ምርመራ ቦሎ፥ የሦስተኛ ወገን መድን፥ ለዚያ ዓይነት መኪና የተሰጠ የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ፥ እነዚህን በዓይንህ እይ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ሆኖ የተደነገገ ነው። ዋጋው ረከሰ ብለህ ለኪራይ ሥራ ያልተመዘገበ የግል መኪና ብትይዝ፥ አደጋ በደረሰ ጊዜ መድን ሰጪው መኪናው ከተዋዋልንበት ሥራ ውጭ ሲሠራ ነበር ብሎ ይከራከራል፤ በዚያን ጊዜ የቆሰለው ሰው በክርክሩ መካከል ያለ ማሳከሚያ ይቀራል። ቀን ሳለ፥ በተለይም ከጉዞው በፊት ባለው ቀን፥ ጎማውን፥ መለዋወጫውን ጎማና ክሪኩን፥ የወንበር ቀበቶውን፥ የእሳት ማጥፊያውን፥ በሩም ከውስጥ የሚከፈት መሆኑን ተመልከት። አንዳንድ ሰው ወንበሩ ለስላሳ መሆኑንና ሙዚቃው መሰማቱን አይቶ ጎማው መላጣ መሆኑን ሳያይ ይመለሳል።

አሁን ስለ ውልና ስለ ቀብድ። ብዙዎች ወገኖቻችን ከሚያውቁት ሰው ጋራ በወረቀት መዋዋልን እንደ ስድብ ይቈጥሩታል። ይህ ስሕተት ነው። ውል የሚጻፈው የሚከዳ ሰው ስላለ ብቻ አይደለም፤ የሚረሳ ሰው ስላለ ነው። አንተ ሰኞ ጧት ያልኸውን ባለ መኪናው እሑድ ማታ ብሎ ሰምቶት ይሆናል። በተለይም ሰዓት ስትጽፍ ከሌሊቱ ወይም ከቀኑ ብለህ ለይተህ ጻፍ፤ 11 ሰዓት ብቻ ተብሎ ቢጻፍ የንጋቱ ይሁን የማታው አይታወቅምና። መነሻውና መድረሻው፥ በመንገድ የሚቆምበት ቦታ፥ የሚያድርበት የሌሊት ቍጥር፥ የሰዉ ልክ፥ ጠቅላላ ዋጋው፥ ናፍታውን የሚገዛው፥ የክፍያ መንገድ ቀረጡንም የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ይጻፍ። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚሄድ መኪና ሁሉ ይከፍላል፤ ይህ ገንዘብ ጥቂት ቢሆንም ሳይነጋገሩበት ከቀረ በመንገዱ ደጃፍ ላይ ጠብ ያነሣል። የሹፌሩና የረዳቱ መኝታና ምግብም እንዲሁ ይጻፍ። መኪናው በመንገድ ቢበላሽ ባለቤቱ በስንት ሰዓት ውስጥ ሌላ እንደሚያመጣ፥ ባያመጣም ከዋጋው ምን ያህል እንደሚቀነስ ሳይጻፍ አትፈርም።

ቀብድ ምን እንደ ሆነ ብዙ ሰው በትክክል አያውቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንዲህ ያለ ሥርዓት አቁሟል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፥ ቀብድ የተቀበለው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። ይህ ለሁለቱም ወገን ልጓም ነው። ባለ መኪናው በበዓሉ ዋዜማ የበለጠ የሚከፍል ቢመጣለት አንተን ትቶ እንዳይሄድ ያግደዋል፤ አንተም ሌላ ርካሽ መኪና ስላገኘህ ብቻ እርሱን እንዳትተወው ያግድሃል። ብዙ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ግፍ ሲደርስበት ይጮኻል፤ ሁለተኛውን ግፍ ግን ራሱ ሲያደርገው ግፍ አይመስለውም። ያ ሹፌር ለአንተ ብሎ ሌላውን ተከራይ መልሶታል፤ በዓሉም ካለፈ በኋላ የሚከራየው የለም። ስለዚህ ጉዞው በእውነት የተሰረዘ እንደ ሆነ ቶሎ ንገረው፤ ሌላ ሰው ያገኝ ዘንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የተነገረ ስረዛ ጕዳቱ ቀላል ነው። ደግሞም በዘመናችን መንገድ በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋበት ቀን አለ፤ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ወደ ግሸንና ወደ ላሊበላ ለመሄድ ያሰበ ማኅበር ይህን ሳያስብ መዋዋል አይገባውም። ከሁለታችሁም ዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት መንገዱ ቢዘጋ ቀብዱ ምን እንደሚሆን በግልጥ ጻፉ። ቀብዱንም ስትሰጥ ደረሰኝ ተቀበል፤ ባለቤቱ ደረሰኝ የለኝም ቢል በተፈረመ ወረቀትና በሁለት ምስክር ይሁን።

ከዚህ በኋላ ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን፤ እርሱም የሰዉ ልክ ነው። በጉዞው ጧት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይደርሳል። ያልተመዘገበ ዘመድ ይመጣል። የአንዱ አክስት፥ የሌላው ጎረቤት፥ የመዘምራን አለቃው የእኅት ልጅ፥ በአውቶቡሱ ደጃፍ ቆመው ከወንበር መካከል በርጩማ አድርጉልን ይላሉ። ሰው ሁሉ ያዝናል፤ እምቢ የሚል ሰውም ጨካኝ ይባላል። ረዳቱ ደግሞ ትርፍ ሰው ትርፍ ገንዘብ ነውና ደስ ይለዋል። በዚህ ሰዓት በደጃፉ ላይ ቆሞ አይሆንም የሚል አንድ ሰው ያስፈልጋል። አንባቢ ሆይ፤ ያ ሰው አንተ ብትሆን አትፈር።

ምክንያቱን ተመልከት። ለ12 ሰው በተሠራ ሚኒባስ 18 ሰው ቢጫን፥ አንድ ሰው ከነጓዙ 70 ኪሎ ያህል ቢመዝን፥ ከልኩ በላይ የሆነው ጭነት 420 ኪሎ ነው፤ ይህም አራት ኩንታል እህል ከጣሪያ ላይ መጫን ማለት ነው። ጎማው ይግላል፥ ፍሬኑ ይደክማል፥ መኪናው በመጠምዘዣ ላይ ያዘነብላል። በርጩማ ላይ የተቀመጠው ሰው ቀበቶ የለውም፤ መኪናው በድንገት ሲቆም ከፊቱ ባለው ሰው ላይ ይወድቃል፤ መውጫውንም የሚዘጋው እርሱ ነው።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል በቦና አካባቢ የሰርግ ሰዎችን የጫነ አንድ የጭነት መኪና ድልድይ ስቶ ወንዝ ገባ፤ ከሰባ የሚበልጡ ሰዎችም በአንድ ቀን ሞቱ። መኪናው ከልኩ በላይ እንደ ጫነ ተነገረ። ወደ ሰርግ የሚሄዱት ዘፈን እየዘፈኑ ነበር ወይስ ዝም ብለው ነበር፥ ያን እኛ አናነሣም፤ ነገር ግን ከአንድ አካባቢ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሬሳ ሲወጣ ድንኳን የሚተክለው፥ የሚያስተዛዝነውስ ማን ይሆናል? ለሰው የተሠራ መኪና መከራየት ይወደድብናል ብለው በጭነት መኪና የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ በገጠር ሌላ መኪና የማይገኝበትም ቦታ እንዳለ እናውቃለን። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሰዉን በሁለት ዙር ማመላለስ፥ ወይም ሽማግሌዎችን ብቻ በመኪና ልኮ ጎልማሶቹ በእግር መሄድ ይሻላል። ዘግይቶ የተበላ የሰርግ ምሳ ማንንም አልገደለም።

ከትርፍ ሰው ጋራ ሁልጊዜ አብሮ የሚሄድ አንድ ሌላ ኀጢአት አለ። ሚኒባሱ የትራፊክ ፖሊስ ወደ ቆመበት ቦታ ሲቀርብ ረዳቱ «ዝቅ በሉ» ይላል። በወንበሮቹ መካከል ያሉት ሰዎች ሁሉ ራሳቸውን ወደ ጉልበታቸው ዝቅ ያደርጋሉ፤ ፖሊሱ ካለፈ በኋላ ቀና ብለው ይስቃሉ። አሁን መዝሙር ሲዘምሩ የነበሩ ሰዎች፥ ወደ ጉባኤ ወይም ወደ ንግሥ የሚሄዱ ሰዎች፥ በአንድ ቃል ታዝዘው በአንድነት ዋሹ። በአፋቸው ሳይሆን በጀርባቸው ዋሹ። ሕፃናትም ከእናቶቻቸው ጋራ አብረው ዝቅ ብለው ይህን ተማሩ፤ አባት በቤት ውስጥ አትዋሽ ብሎ ቢገርፈው ልጁ የሚያስታውሰው የትኛውን ትምህርት ይመስልሃል? ፖሊሱ የቆመው ለእነርሱ ሕይወት ሲል ነው፤ እነርሱ ግን ከሚጠብቃቸው ሰው ተሸሸጉ። አንተ በዚያ መኪና ውስጥ ብትገኝ ቀና ብለህ ተቀመጥ። ሹፌሩ ቢቈጣህ በእርጋታ መልስለት፤ ቅጣት ቢመጣም ማኅበሩ ፈቅዶ ያስጫነው እንደ ሆነ ቅጣቱን ማኅበሩ ይክፈል እንጂ በሹፌሩ ላይ ብቻ አይጣል። ፖሊሱንም በብር ለማሳለፍ ገንዘብ እናዋጣ የሚል ሰው ቢነሣ፥ ይህ ከፊተኛው የከፋ መሆኑን ንገረው።

ስለ ሹፌሩ ጥቂት እንበል። ተጓዦች ሹፌሩን እንደ መኪናው ዕቃ ይቈጥሩታል፤ እንደ መሪውና እንደ ማርሹ። እርሱ ግን እንቅልፍ ያለው፥ ልጆች ያሉት ሰው ነው። ስሙን ጠይቀህ በስሙ ጥራው፤ በዕድሜ የሚበልጥህ ከሆነ ጋሼ በለው። ወደ ንግሥ የሄደ ማኅበር ሌሊቱን በጸሎትና በማኅሌት ያድራል፤ ጧትም ተነሥ እንሂድ ይለዋል። ሹፌሩ ዕቃ ሲጠብቅና በብርድ ሲንቀጠቀጥ አድሮ እንደ ሆነ ማንም አይጠይቅም። እናንተ ተኝታችሁ ትሄዳላችሁ፤ እርሱ ግን የአርባ ሰው ነፍስ በእጁ ይዞ ይነዳል። ስለዚህ መኝታ ተከራዩለት፥ ዕቃውንም ከማኅበሩ ጎልማሶች አንዱ ይጠብቅ። ሩቅ መንገድ የሆነ እንደ ሆነ ሁለተኛ ሹፌር መያዝ ወጪው ቢከብድም ይገባል። ሌሊት ሙሉ ነድቶ ቀን ሙሉ እንዲመልሳችሁ አትለምኑት። ጫት ቅሞ ነቅቼ እነዳለሁ ቢል አትስማው፤ ጫት እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ ድካምን አያርቅም፥ የዘገየውም እንቅልፍ ሲመጣ በድንገት ይመጣል።

ሹፌሩ ሙስሊም ቢሆን፥ ይህም ብዙ ጊዜ ይሆናል፥ እናንተ ያረዳችሁትን ሥጋ ብላ ብላችሁ አታስጨንቁት። የምግቡን ገንዘብ በእጁ ስጡት፤ ወደሚወድደው ቤት ሄዶ ይብላ። ለሶላት ሲቆም ሰዓት ጠፋ ብሎ የሚያጉረመርም ተጓዥ፥ እርሱ ለንግሥ ሦስት ቀን ሙሉ የጠበቀውን ሰው ያስታውስ።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሹፌሩን አታጣድፉት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ከደብረ ብርሃን አልፎ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በዋሻው ገብቶ ወደ ደብረ ሲና፥ ቀጥሎም ወደ ሸዋ ሮቢት ቈላ ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በጎጃም መንገድም ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት እንዲሁ ነው። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፤ ማርሹን አቅልሎ በፍሬን ብቻ ቢወርድ ግን ፍሬኑ ይግላል፥ ከጋለም በኋላ ቢረግጡት አይዝም። ፍጥነቱም እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት እጥፍ ብቻ አይደለም፥ አራት እጥፍ ነው። እንግዲህ ከኋላ ሆነው «ምነው ተኛ፥ ንዳው እንጂ» የሚሉ ጎልማሶች የሚጠይቁት ነገር ምን እንደ ሆነ አያውቁም። በአንጻሩ ሹፌሩ ከልክ በላይ ቢፈጥን፥ ሴቶቹ በሹክሹክታ ከሚጨነቁ አስተባባሪው ቀርቦ በትሕትና ይንገረው፤ ባይሰማም መኪናውን አስቁሞ ለባለቤቱ ይደውል። ይህም መብት በውሉ ተጽፎ ቢሆን ይበጃል።

ሹፌርን የሚያስቸኵለው ብዙ ጊዜ የተጓዡ መዘግየት ነው። 40 ሰው አንዱን ሰው ግማሽ ሰዓት ቢጠብቅ 20 የሰው ሰዓት ጠፋ። ያ የዘገየ ሰው ሲገባ ይስቃል፥ ሰውም አብሮ ይስቃል፤ ነገር ግን የጠፋው ግማሽ ሰዓት በመንገድ መመለስ አለበት ተብሎ ይታሰብና በቁልቁለት ይመለሳል። ስለዚህ የመነሻው ሰዓት ካለፈ ከሩብ ሰዓት በላይ እንደማይጠበቅ አስቀድሞ ለሁሉ ይነገር፥ እንደ ተነገረውም ይደረግ። አንድ ጊዜ እንዲህ ከተደረገ በሚመጣው ዓመት ሰው ሁሉ ቀድሞ ይገኛል።

በመኪናው ውስጥ ስለ መቀመጥ ብዙ መናገር አያስፈልግም። የፊተኛው ወንበር መኪና ለሚያዞረው ሰው፥ ለእርጉዝና ለሽማግሌ ይተው እንጂ ቀድሞ የመጣ ጎልማሳ አይያዘው። የሚያስመልሰው ሰው ፌስታል ይያዝ። መዝሙር መልካም ነው፤ የሹፌሩን ጆሮ እስኪያደነቍር ከበሮ መምታት ግን መልካም አይደለም፥ የሌላውን መኪና ጥሩንባ መስማት አለበትና። ቆሻሻ በመስኮት አይጣል፤ በየመንደሩ የምናልፍ እንግዶች ነን።

ስትመለሱ የሚቀር ሥራ አለ። ሰው ሁሉ ደክሞት ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ አስተባባሪው ግን ሳይሄድ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ይመልከት፤ የተረሳ ነጠላ፥ የሕፃን ጫማ፥ የጸበል ዕቃ ይገኛል። የተሰበረ ወይም የተቀደደ ነገር ቢኖር ለሹፌሩ ራሱ ያሳየው፤ ሹፌሩ ነገ በባለቤቱ ፊት የሚጠየቅበት እርሱ ነውና፥ ማኅበሩ ይክፈለው። የቀረውን ኪራይ በዚያው ሰዓት ይስጥ፤ ነገ ና ተብሎ የሚመላለስ ሹፌር የዚያን ቀን እንጀራውን አጥቷል። ለሹፌሩና ለረዳቱ የሚሰጥ የምስጋና ገንዘብ ቢኖር ከኪራዩ ተለይቶ በእጃቸው ይሰጥ እንጂ በባለቤቱ በኩል አይላክ።

ከዚህም በኋላ በሳምንቱ፥ ከዚያ ሳይዘገይ፥ ማኅበሩ ተሰብስቦ ሒሳቡን ይስማ። ጸሐፊው የከፈሉትን ቍጥር ያንብብ፥ ገንዘብ ያዡ ያወጣውን ከነደረሰኙ ያሳይ፥ የተረፈው በፊታቸው ይቈጠር። ውሉና ደረሰኞቹ በአንድ ፖስታ ታሽገው፥ የሹፌሩ ስምና ጠባይ፥ የመኪናውም ሁኔታ በላዩ በአጭር ቃል ተጽፎ ለሚመጣው ዓመት አስተባባሪዎች ይቀመጥ።